የእጀ ንጹሕ ገመድ

ዘመናትን በመዳፉ የያዘ፣ ከሽፋን በታች ያለውንም እንደ ሜዳ የሚያይ አምላክ ይህን ነገር ሰው ሳያውቀው ዐውቆታል። እኛ የምናየው ከፊት ያለውን ነው፤ እርሱ ግን ስፌቱን ከውስጥ በኩል ያነባል። ሰው የሚያጠፋበትን ሰዓትና ጥፋቱን የሚያውቅበትን ሰዓት አራርቆ ያስቀመጠም እርሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የምሕረቱ ነው እንጂ የእኛ ብልጠት አይደለም። ታሪካችንም በእርሱ ዕውቀትና በእርሱ ጊዜ ሥር ይሁን።

አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ «እጀ ንጹሕ» ይለዋል። ይህን ስም ያወጣለት ከጎኑ የሚሠራው የላሜራ ቀጥቃጭ ነው። እርሱ ራሱ ደግሞ «መዶሻ» ይባላል፤ እጁም ሆነ አንደበቱ ሲወርድ ከባድ ስለሆነ። ሁለቱ ሠራተኞች አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ይጋራሉ፤ በመካከላቸው ያለው አጥር አንድ ሮጦ የደከመ የመኪና በር ብቻ ነው።

እጀ ንጹሕ ይህን ስም በከንቱ አላገኘውም። ሬዲዮ ይሁን ካሜራ፣ ወይም መንገድ የሚመራው ጂፒኤስ፣ እርሱ ከገጠመው በኋላ ሽቦው የት እንደ ገባና የት እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው የለም። ሌሎች ገመዱን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ያንጠለጥሉታል፤ የሚለጥፉበትም ናስትሮ በፀሐይ ቀልጦ እጅ ላይ ይቀራል። እርሱ ግን ገመዱን በሽፋኖቹ ሥር እየሳበ፣ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠብቀዋል። ከዚያም የማሰሪያውን ጭራ ከሥሩ ቆርጦ፣ ራሱን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ቁርጡን በአውራ ጣቱ ዳስሶ «አይቧጭርም» ሲል ብቻ ሽፋኑን ይመልሳል። ማኅተሙ ይህ ነበር። ማንም የማያየውን ቁርጥ የሚያሳምር ሰው በዚያ ሰፈር ሌላ አልነበረም። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ «ደንበኛው ሽቦ ካየ ሥራህ አላለቀም» ይለው ነበር፤ እርሱም ይህችን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ጸሎት ደገማት።

ንጹሕ የሚለው ቃላችን ሁለት ቤት አለው። ያልቆሸሸውንም ያልበደለውንም በአንድ ስም እንጠራለን። ባለታሪካችን በሁለቱም ቤት በሰላም ሲኖር ቆይቷል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን በአንደኛው ቤት ብቻ ነው ያለው፤ ይህንንም ከራሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ታናሽ እኅቱ መኪና እየነዳች መጣች። አዋላጅ ናት፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች የወለዱትንም ሊወልዱ የደረሱትንም ትጠይቃለች። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ወሯ ነው። ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም፤ ጉልበቱ ላይ ግን ከመቀመጥና ከመነሣት ብዛት ወደ ግራጫ ሄዷል።

እጀ ንጹሕ መኪናዋን ሲያይ እጁ ላይ የነበረው ፒንሳ ከበደው። ቀለሟ ነጭ መሆኑ ነው እንጂ ከሟቹ መኪና ጋር መንታ ናት።

«ጋሼ፣ ይኸው መጣሁብህ» አለችው ከመኪናዋ ወርዳ።

«ምነው እታለም፣ ብትደውይልኝ እኔው እመጣ አልነበር?»

«ከአርባው ወዲህ ስደውልልህ ሥራ በዛብኝ ትለኛለህ። እኔም ሥራ ይዤልህ ብመጣ ሳታመልጠኝ አይህ ይሆናል አልኩ።»

መዶሻ የሚቀጠቅጠውን በር አቁሞ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እትዬ፣ ለዚህ ሰው መኪናዎን ጥለው እንዳይሄዱ። ሽቦውን ሲደብቅ ሲደብቅ መኪናዋንም ደብቆ ያስቀርብዎታል።»

«አንተ ደግሞ ከተገኘች ቀጥቅጠህ ትጨርሳታለህ» አለችው። ከሐዘኑ ወዲህ ከአፏ ቀልድ ሲወጣ ወንድሟ ይህን የመጀመሪያውን ሰማ። ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱን ወደ መሣሪያዎቹ አዞረ።

ከቦርሳዋ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። መዳፍ የሚያህል ጂፒኤስ ነው፤ መስታወቱ በአንድ ጥግ ተሰንጥቋል።

«የእሱ ነው» አለች፤ «አንተው ከዚያ ከሰባራው መኪና ያወጣህልኝ። ቻርጅ ባደርገው በራልኝ። አዲስ ገዝተሽ ተጠቀሚ ይሉኛል፤ እኔ ግን የሚያውቀኝን ይዤ ልዙር። ግጠምልኝ ጋሼ። ልክ ለእሱ እንደ ገጠምክለት።»

እርሱም «እሺ» አለ። ሌላ ምን ሊል ይችል ነበር?

ለሟቹ እንዴት እንደ ገጠመለት መንገር አለብን።

የእኅቱ ባል በሕይወት ሳለ ለመድኃኒት ቤቶች ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር ነበር፤ በየቀኑ የማያውቀውን ቤት ይፈልጋል። ይህን ጂፒኤስ መስታወት መጥጦ በሚይዝ ላስቲክ ከፊቱ ይለጥፈው ነበር። ቀን ሲሞቅ ላስቲኩ ይለቅና መሣሪያው ጭኑ ላይ ይወድቃል፤ ገመዱም ከማርሹ ዱላ ጋር ይጠማዘዛል። «እባብ ታቅፌ እየነዳሁ ነው፣ ገላግለኝ» ብሎ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አማቹ መጣ። ሚስቱም ምሳቸውን ይዛ አብራ መጥታ ነበር።

እንዲህ ያለ አዲስ መኪና እጀ ንጹሕ እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። የፊቱን መስታወት ከበሩ የሚለየውን የምሰሶ ሽፋን ሲያወልቅ፣ ሽፋኑ ላይ ሦስት ትንንሽ የባዕድ ፊደላት ተቀርጸው አየ። አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ ሽፋኑን ወደ ጎን አስቀመጠው። የሠለጠነባቸው አሮጌ መኪኖች ምሰሶ ባዶ ብረት ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ግን እንደ ነጠላ ተጠቅሎ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ታች የወረደ ነጭ ጨርቅ አገኘ። መሪ ውስጥ በግጭት ጊዜ የሚፈነዳ ከረጢት እንዳለ ያውቃል፤ በምሰሶ ውስጥ ግን አይቶ አያውቅም። ጨርቁ ድምፅ መከላከያ መሰለው። እንዲያውም ደስ አለው። «ለስላሳ ነው፤ ገመዱ ብረት እየመታ አይንኳኳብህም» አለና ገመዱን በጥቅሉ ላይ አሳልፎ በሦስት ማሰሪያ አጠበቀው። ጭራቸውን ቆረጠ፣ ራሳቸውን አዞረ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። አማቹም «ይህን እጅ ይባርክልህ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ይህን ዘዴ ወደደው። እንዲህ ያሉ አዳዲስ መኪኖችን እየደጋገመ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ በዚሁ መንገድ ሠራ።

ከሦስት ወር በፊት በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት የጣሰ የጭነት መኪና የአማቹን መኪና ከጎን መታው። ሾፌሩ ታሰረ፤ ጥፋተኛነቱንም ማንም አልተጠራጠረም። ነገር ግን ያዩት ሰዎች «በሩ እንኳ ይህን ያህል አልገባም፤ እንዴት ሞተ?» ይሉ ነበር። የሞተው ጭንቅላቱ ከምሰሶው ጋር ተጋጭቶ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እኅቱ ለመነችው፤ ከሰባራው መኪና ውስጥ የባሏን መነጽርና ጂፒኤሱን ያመጣላት ዘንድ። መኪናው በተጣለበት ሜዳ ላይ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ እጀ ንጹሕ ዕቃውን ሰበሰበ። ከዚያም ከልማድ የተነሣ «ገመዴን ደግሞ ልንቀለው» ብሎ የምሰሶውን ሽፋን ሳበ።

ነጩ ጨርቅ ፈንድቶ ነበር። ከኋላ በኩል እንደ መጋረጃ ወርዶ ማንም ያልተቀመጠበትን የኋላ ወንበር ሸፍኖታል። ከፊት፣ ሟቹ በተቀመጠበት በኩል፣ በሦስቱ ማሰሪያዎች እንደ ታነቀ እንደ ተጠቀለለ ቀርቷል። ማሰሪያዎቹ አልተበጠሱም። ጭራቸው ከሥሩ የተቆረጠ፣ ራሳቸው ወደ ውስጥ የዞረ፣ ቁርጣቸው የማይቧጭር ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ለመለየት ምስክር አያስፈልግም።

ዙሪያውን አየ። ሰው የለም። ማሰሪያዎቹን በፒንሳ ቆርጦ ገመዱን አወጣና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ በማግስቱም በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከፊውዞቹ ሥር ቀበረው። የሦስቱን ፊደላት ትርጉም አንድ አዲስ መኪና የሚሸጥ ቤት ሄዶ፣ ለሌላ ሰው የሚጠይቅ መስሎ ጠየቀ። «በዚህ ውስጥ የሚፈነዳ ከረጢት አለና አትንካ ማለት ነው» አሉት።

ከዚያ ቀን አንሥቶ እንቅልፉ የወፍ ሆነ። «ብናገር ማንን እመልሳለሁ? እሷንስ ሁለተኛ መግደል አይሆንም?» ይላል ለራሱ። ለዚህ መልስ ሳያገኝ ዐሥራ ዘጠኙ መኪኖች በዐይኑ ላይ ይመጣሉ። እነሱን ቢጠራ ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው፤ ምክንያቱን ቢናገር ወሬው ሳይመሽ እኅቱ ጆሮ ይገባል። ከእርሷ በቀር ዘመድ የለውም። እናታቸው ስትሞት እርሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጫማዋን እያሰረ ትምህርት ቤት ያደረሳት እርሱ ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ለጸሎት ሲቆም ይቅር በለን የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰርበት ጀመር፤ ያን ዘሎ ያልፍና ሌላውን ይደግማል።

አሁን እንግዲህ ያችው እኅቱ ከአጠገቡ ቆማለች።

«ወንበር ላምጣልሽ፣ ዐረፍ በይ» አላት።

«መብራቱን ልያዝልህ። ስንቱን ሕፃን በዚህ እጄ እያበራሁ ተቀብያለሁ፤ የአንተን ሽቦ ማብራት ያቅተኛል?»

የእጅ ባትሪውን ያዘች። እርሱም በመሪው ሥር ተጋድሞ የፊውዙን ሳጥን ከፈተ። በመሞከሪያ አምፖሉ እየነካ፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ እሳት የሚያገኘውን ቀዳዳ ፈለገ።

«ይኸ ለምንድን ነው?» አለችው።

«መኪናው ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋውን ነው የምንፈልገው። ሁልጊዜ እሳት ያለበት ላይ ከቀጠልኩት አንቺ ተኝተሽ እሱ ባትሪ ሲጠጣ ያድራል።»

«አንዳንድ ባል ነው በለኛ።»

መዶሻ ከወዲያ ሳቀ። እጀ ንጹሕ ግን ፊቱን ከመሪው ሥር አላወጣም።

ቀዳዳውን አገኘና ትንሽ ፊውዝ ያለው መቀጠያ ሰካበት። ለማሳው፣ ማለትም ለመመለሻው ሽቦ፣ አንድ ብሎን ፈትቶ ቀለሙን እስኪያበራ ድረስ ፋቀና ከብረቱ ጋር አጥብቆ አሰረው። የመኪናው ኃይል ለዚህች ትንሽ መሣሪያ ስለሚበዛ፣ ኃይሉን የምትቀንሰውን የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ከውስጥ ሸጎጣት። ከዚያ ተነሥቶ ኮፈኑን ከፈተና ከረጢቱ ሳይታሰብ እንዳይፈነዳ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። መጥቶም በሩ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለችው።

«እስኪረጋጋ ነው።»

«ማን? መኪናው ነው ወይስ አንተ?»

የምሰሶውን ሽፋን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ሳበው። ሦስቱ ፊደላት አዩት። ከውስጥ ነጩ ጥቅል እንደ ተኛ ሕፃን ተጋድሟል።

ገመዱን ከጥቅሉ ኋላ፣ ፋብሪካው ራሱ የመኪናውን ሽቦዎች ባሳለፈበት መንገድ አስገባ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጣቱ ተፋቀ። ማሰሪያውን ከብረቱ ጋር እንጂ ከጨርቁ ጋር አላገናኘውም። ሁለተኛውን ሲያጠብቅ እኅቱ መብራቱን ጠጋ አደረገች።

«ያኔ እንዲህ አልነበረም» አለች፤ በድምፅዋ ውስጥ ክስ የለም፣ የማስታወስ ደስታ እንጂ። «ያኔ በላዩ ነበር ያሳለፍከው፤ በዚህ በጨርቁ ላይ። ምሳ ይዤ እዚያ ጋ ተቀምጬ ነበር እኮ።»

«ያ መኪና ሌላ ነው» አለ።

«የምን ሌላ? አንድ ዓይነት ናቸው። የእሱን ዓይነት ነው ሆን ብዬ ያስፈለግሁት፤ መቀመጫው እንግዳ እንዳይሆንብኝ ብዬ። ‹ለስላሳ ነው፣ አይንኳኳብህም› ስትለው ‹ትራስ አደረግህለት› ብሎ የሳቀው ትዝ አይልህም?»

«አይለኝም» አለ። ትዝ ይለው ነበር። በዚያች ደቂቃ ሁለት ጊዜ ዋሸ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለው፤ ይህም ይበልጥ አስፈራው።

የቀረውን ማሰሪያ አጥብቆ ሄደና ባትሪውን መልሶ አገናኘ። ጂፒኤሱን በመቆሚያው ላይ አስቀምጦ ቁልፉን አዞረ። የተሰነጠቀው መስታወት በራ። እኅቱም በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ ሟቹ በራሱ ቃል የመዘገባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አነበበች።

«‹ቤት።› ‹መጋዘን።› ‹የሚጮኸው ውሻ ያለበት መድኃኒት ቤት።›» ትንሽ ሳቀች። «‹እጀ ንጹሕ።› አየህ ጋሼ፣ አንተንም ጽፎሃል። ከቤትና ከመጋዘን ቀጥሎ አንተ ነህ።»

እርሱም ያን ስም በዚያ ሰው እጅ ተጽፎ አየው።

«እታለም» አለ፤ «እጄ ንጹሕ አይደለም።»

እርሷ ግን የጣቱን ደምና የማሳውን ዝገት አየች። ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንሥታ «እንካ፣ ጥረገው» አለችው።

ጨርቁን ተቀበለ። ቆሞ ተመለከተው። በሕዝብ ፊት እጁን በውሃ ታጥቦ ነገሩን ከራሱ ላይ ያወረደ ስለመሰለው ስለዚያ የጥንት ገዥ ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቷል፤ ስንት ጊዜስ ፈርዶበታል። ጨርቁን ሳይጠቀምበት መልሶ አስቀመጠው።

«በጨርቅ የሚጠረግ አይደለም» አለ።

መሳቢያውን ሳበና ፊውዞቹን ወደ ጎን ገፍቶ ጥቁሩን ገመድ አወጣ። ሦስቱ ማሰሪያዎች ተቆርጠውም ቢሆን አሁንም ተጣብቀውበታል። ከዚያ ነገራት። አላስረዘመውም፣ አላስጌጠውም። ጨርቁ በኋላ ወንበር ላይ እንደ ተዘረጋ፣ ከፊት በኩል ግን ታንቆ እንደ ቀረ ነገራት። ገመዱን ኪሱ እንደ ከተተው ነገራት። ከወዲያ የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

እኅቱ የያዘችው መብራት አልጠፋም፤ ወለሉ ላይ አንድ ክብ ብርሃን ሠርቷል፤ ክቡም አልተንቀጠቀጠም። እጇ በሥራ የተገራ ነው።

«ጨርቁ ቢወርድ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለችው።

«እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ይተርፍ ይሆናል።»

«ይተርፍ ይሆናል» ብላ ቃሉን ለራሷ ደገመችው። «መቼ ዐወቅህ?»

«በሁለተኛው ሳምንት። ሜዳው ላይ።»

«ሦስት ወር።»

«አዎን።»

«በነዚያ ሦስት ወራት ቤቴ መጥተህ ተቀምጠሃል። ‹እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ› ብለኸኛል። እኔም አጽናናኝ ብዬ ለጎረቤት ነግሬአለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ስሕተቱን፣ ጋሼ፣ እሸከመው ይሆናል። በእኔም እጅ አምልጦኝ የሞተ ሕፃን አለ፤ ለእናቱ በዚያው ሰዓት ነገርኳት፣ ፊቴን ቧጨረችኝ፣ ቆሜ ተቀበልኳት። ስሕተት ምን እንደሆነ አታስተምረኝም። ሦስቱን ወር ግን የት ላድርገው?»

ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

እርሷም ሌላ ነገር ድንገት የገባት ሰው እንደሚያደርገው ቀና አለች።

«እንዲህ ያሰርከው የእሱን ብቻ ነው?»

«ዐሥራ ዘጠኝ መኪና አለ።»

«ዛሬም ይነዷቸዋል?»

«ይነዷቸዋል።»

«ልጅ ይዘው?»

እርሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አንደኛዋ ደንበኛ መንታ ልጆች እንዳሏት ያውቃል።

«ደውልላቸው» አለች።

«እደውላለሁ፤ አንቺን ልሸኝና...»

«አሁን። ከዚያ በፊት ግን የእኔን ጨርስ። ሽፋኑን እንዳትከድን፤ አየዋለሁ።»

ምሰሶው ሥር ቆማ መብራቱን አስገባች። በአዋላጅ ጣቷ፣ ከጥቅሉ ኋላ እየገባች፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ነጩን ጨርቅ ምንም እንዳልያዘው ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። ከዚያ «ክደነው» አለች። እርሱም ከደነው። ሲከድነው የማሰሪያዎቹን ጭራ መቁረጥ ረስቶት ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንም አላየውም፤ እርሱም በኋላ ሲያስታውሰው አልቆጨውም።

እኅቱ ጂፒኤሱ የመጣበትን ሻሽ አንሥታ ጥቁሩን ገመድ ጠቀለለችበትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መኪናዋ ውስጥ ገባች።

«እታለም...» አለ።

«ቤቴ አትምጣ» አለችው፤ «እስክጠራህ። እንደምጠራህም አላውቅም።»

የጂፒኤሱ ድምፅ ወደ ቀኝ እንድትታጠፍ ሲነግራት በተከፈተው መስኮት ተሰማ። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

እጀ ንጹሕ ስልኩን ያዘ፤ ጣቱ ግን ቁጥሮቹን መንካት አቃተው። በዚህ ጊዜ መዶሻ መጣና ከአጠገቡ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ስንት ዓመት ሲያላግጥበት የኖረው ያ ሰው ጓደኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም ጠራው።

«አምጣ ስልኩን» አለ፤ «እኔ ቁጥሩን ልፈልግልህ፤ አንተ ተናገር።»

ለእያንዳንዱ የተናገረው ቃል አንድ ነበር፤ «የገጠምኩልዎ ገመድ በግጭት ጊዜ የሚከላከለውን ከረጢት አንቆ ይይዛል። በዚህ ምክንያት የእኅቴ ባል ሞቷል። እባክዎ ይምጡና ላስተካክለው።» አንዱ ሥራ ፈልጎ የፈጠረው ዘዴ መስሎት ሳቀበት። አንዱ ነፍሰ ገዳይ ብሎ ዘጋበት። የመንታዎቹ እናት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጆቿን ቤት ትታ መጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራት መኪና ፈታ። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ቃሉን የተቀበለው ወጣት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ «ይህን ያስገደደህ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው። «የለም» አለ። የታሰረው የጭነት መኪና ሾፌር ከነጥፋቱ አሁንም ታስሯል፤ ሆኖም የሁሉንም ሸክም ብቻውን ይሸከም ዘንድ አልተተወም። በባለታሪካችን ላይ ምን እንደሚፈረድ ገና አልታወቀም።

ሥራው ቀነሰ። «እጀ ንጹሕ» የሚለውን ስም አሁንም የሚጠሩ አሉ፤ ሲጠሩት ግን ከንፈራቸውን ጠምዘዝ ያደርጋሉ። እርሱም «አቤት» ይላል።

በአንድ ወር ውስጥ ዐሥራ ሰባቱ መጡ። የቀሩት ሁለቱ ስልካቸው አይሠራም፤ መኪኖቹም ተሽጠው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል። በምሳ ሰዓት እየወጣ፣ በየመኪና ማቆሚያው እየዞረ፣ በመስታወት ውስጥ ምሰሶዎችን ያያል። ሰው ሌባ መስሎት ሁለት ጊዜ አባሮታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የማያውቀው የታክሲ ሾፌር መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ቆመ፤ ፊቱ ግራ ተጋብቷል።

«አንዲት ጥቁር የለበሰች አዋላጅ መንገድ ላይ አስቁማኝ ነው የመጣሁት» አለ። «መኪናዬን አይታ ‹ይህን ጂፒኤስ ማን ገጠመልህ?› አለችኝ። ስገዛት አብሮ ነበር አልኳት። ሳታስፈቅደኝ ገብታ ጣቷን ከሽፋኑ ሥር ሰደደችና የማሰሪያውን ቁርጥ ዳሰሰች። ‹አይቧጭርም› አለች። ከዚያ የዚህን ቦታ አድራሻ መሣሪያዬ ላይ ራሷ ጻፈችልኝና ‹አሁኑኑ ሂድ፣ ተሳፋሪ እንዳትጭን› አለችኝ። ምንድን ነው ነገሩ?»

እጀ ንጹሕ መልስ ከመስጠቱ በፊት መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የተጻፈውን አየ። ስሙን አልጻፈችውም። «ኤሌክትሪክ ሠራተኛ» ብላ ብቻ ጽፋለች።

«ሌላስ የላከችው ቃል አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«የለም» አለ ሾፌሩ።

ባትሪውን ነቀለ፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ ጠበቀ፣ ሽፋኑን ሳበ። ዐሥራ ስምንተኛው ነበር። የቀረችው አንዷ መኪና አሁንም በአንድ መንገድ ላይ እየሄደች ነው፤ ማን እንደሚነዳት፣ ከጎኑም ማን እንደ ተቀመጠ እርሱ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቀው አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ያን የሚያውቅ አምላክ የቤታችሁን መውጫና መግቢያ ይጠብቅ፤ ከቤታችሁ በጠዋት የወጣውን በማታ ይመልስላችሁ፤ ከሽፋን በታች ያለውንም ሳይመሽ ያሳያችሁ፤ ሲያሳያችሁም የምትናገሩበትን አንደበት አብሮ ይስጣችሁ። አሜን።